የኤሌክትሪክ መኪናና አዳዲስ የኃይል ቴክኖሎጂዎች፦ የሚያዋጣውን ከወሬው እንዴት እንለይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ጥር 2016 ዓ.ም ላይ ካሳወቀ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሁሉም ሰው ወሬ ሆኗል። መኪና የሌለውም ስለ ባትሪ ያወራል። ስልካችን ላይ ደግሞ በየቀኑ አዲስ ነገር ይመጣል። በአምስት ደቂቃ የሚሞላ ባትሪ፣ በውሃ የሚሄድ መኪና፣ ከፀሐይ ብቻ የሚነዳ አውቶብስ። አንዳንዱ እውነት ነው። አንዳንዱ እውነት ቢሆንም ለእኛ አይሆንም። አንዳንዱ ደግሞ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው። እኔ የማምነው አንድ ነገር አለ፤ "ይሠራል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። እዚህ ይሠራል ወይ? በእኔ ገንዘብ? ሲበላሽስ ማን ያየዋል? እነዚህም መመለስ አለባቸው።

"ዓ.ም" ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"አዲስ ባትሪ ተገኘ" የሚል ዜና ሳይ መጀመሪያ ምን ልጠይቅ?

የት ደረጃ ላይ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ነው? ለሙከራ የተሠራ ናሙና ነው? ፋብሪካ በገፍ እያመረተው ነው? ወይስ ሰው ገዝቶ ለዓመታት ነድቶታል? ናሳ ለዚህ ከ1 እስከ 9 የሚሄድ መለኪያ አለው። 1 ላይ ያለው መሠረታዊ ሐሳቡ ብቻ ነው። 9 ላይ ያለው በእውነተኛ ሥራ ላይ ውሎ የተረጋገጠ ነው። ዜና የሚሆነው ብዙ ጊዜ ገና 3 ወይም 4 ላይ ያለው ነው። ኪሳችን የሚፈታው ግን 9 ለደረሰው መሆን አለበት።

በመሃል ያለው መንገድ ረጅም ነው። የሊቲየም ባትሪን እንውሰድ። ስታንሊ ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ መሠረቱን ጣለ። ጆን ጉዲናፍ በ1980 የተሻለ ካቶድ፣ ማለትም የባትሪውን አዎንታዊ ጫፍ፣ አገኘ። አኪራ ዮሺኖ በ1985 ለአገልግሎት የሚመች አድርጎ ሠራው። ሶኒ በ1991 ገበያ ላይ አወጣው። ቴስላ የመጀመሪያ መኪናውን ለደንበኛ ያስረከበው በ2008 ነው። ሦስቱ ሳይንቲስቶች ኖቤል የተሸለሙት በ2019 ነው። ዋጋውም እንደዚሁ ቀስ ብሎ ነው የወረደው። በ2010 የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ (መለኪያውን ዝቅ ብለን እናየዋለን) ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2024 አማካይ ዋጋው ወደ 115 ዶላር ወርዷል። ይህ እጅግ የሚደንቅ ለውጥ ነው። ግን በአንድ ሌሊት አልመጣም።

ቀጥሎ ደግሞ "ቁጥሩ ምንን ቆጥሮ ምንን ተወ?" በሉ። በዲሴምበር 2022 ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ በፊውዥን፣ ማለትም አተሞችን በማዋሃድ ኃይል በማውጣት፣ ሙከራ ካስገባው በላይ ኃይል አገኘ ተባለ። ሌዘሮቹ ያሳረፉት 2.05 ሜጋ ጁል፣ የተገኘው 3.15 ሜጋ ጁል ነው። እውነት ነው፤ ሳይንሱም ትልቅ ነው። ግን ሌዘሮቹን ለማስነሳት ከኤሌክትሪክ መስመሩ የተሳበው 300 ሜጋ ጁል ገደማ ነበር። ከተማ ለማብራት ከታሰበ መቆጠር ያለበት ይኼኛው ነው።

በውሃ የሚሄድ መኪና እውነት አለ?

የለም። ውሃ ማለት ተቃጥሎ ያለቀ ሃይድሮጂን ነው። ከአመድ እሳት አይነሳም። ውሃን ለመሰንጠቅ የሚወጣው ኃይል ሁልጊዜ መልሶ ከሚገኘው ይበልጣል። አሜሪካዊው ስታንሊ ሜየር ይህንን እሠራለሁ ብሎ ከባለሀብቶች ገንዘብ ወስዶ ነበር። በ1996 የኦሃዮ ፍርድ ቤት ማጭበርበር ነው ብሎ ገንዘቡን እንዲመልስ ወሰነበት። ቪዲዮው ግን እስከ ዛሬ በቴሌግራም ይዞራል።

ኪሎ ዋትና ኪሎ ዋት ሰዓት ምን ለያቸው?

ይህንን የለየ ሰው ግማሹን ማጭበርበሪያ ይነቃበታል። ኪሎ ዋት የኃይሉ ፍጥነት ነው። ኪሎ ዋት ሰዓት ደግሞ ጠቅላላ መጠኑ ነው፤ ቆጣሪያችሁ የሚቆጥረውም እሱን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ለሁለት ሰዓት ከጋገራችሁበትና ሳያቋርጥ ከሳበ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት በላ ማለት ነው።

መኪናም እንዲሁ ነው። ከተራ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ላይ ቻርጅ ስታደርጉ የምትስቡት ከምጣዱ ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ ምጣዱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይነቀላል፤ መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ለዚህ ነው ምጣድ የቻለ ገመድ መኪና ሲሰካበት የሚግለው። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ከቆጣሪው ጀምሮ ያለውን ገመድ፣ ብሬከሩንና የመሬት መስመሩን አሳዩ። ብዙ ቤት የመሬት መስመሩ ጭራሽ የለም። ይህ ለገንዘብ ሳይሆን ለነፍስ ነው።

በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ይታመናል?

በምን መለኪያ እንደተለካ ይወሰናል። ቻይና የራሷ መለኪያ አላት፤ አውሮፓም እንዲሁ። የቻይናው ለዘብ ያለ ነው። ቢዋይዲ ሲጋል የተባለውን ትንሽ የቻይና መኪና እንይ። ቻይና ውስጥ በ30 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪው 305 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። ያው መኪና ትንሽ ተለውጦ ዶልፊን ሰርፍ በሚል ስም አውሮፓ ገባ። እዚያ በዚያው መጠን ባትሪ የተጻፈለት 220 ኪሎ ሜትር ነው። አገራችን የሚገቡት መኪኖች አብዛኞቹ ከቻይና ስለሆኑ፣ ደላላው የሚነግራችሁ የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። ከላዩ አንድ አራተኛ ቀንሱለት። ከዚያም ባዶ እስኪሆን ስለማትነዱ ሌላ አሥር በመቶ ለመጠባበቂያ ተዉ። የቀረው የእናንተ ነው።

አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የአዲስ አበባ መጨናነቅ የቤንዚን መኪናን እንደሚጎዳው የኤሌክትሪኩን አይጎዳውም። ቆሞ ሲጠብቅ ሞተሩ አይበላም፤ ፍሬን ሲያዝም የተወሰነውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪ የሚጨርሰው ፈጣን መንገድ ላይ በ120 መንዳት ነው። ስለዚህ ሠፈር ውስጥ ስትነዱ ያያችሁትን ቁጥር ይዛችሁ ሐዋሳ እንዳትወጡ።

ዳገቱና ከፍታውስ?

ለኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ አገር ላይ ነን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፤ እንጦጦም ላይ ሆነ መተማ ጉልበቱ ያው ነው።

ርቀት ስታሰሉ ግን ከፍታውን አትርሱ። አዲስ አበባና አዳማ መካከል የ700 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያንን ለመውጣት፣ መንገዱ ከሚበላው ሌላ፣ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጨምራል። ይህ በሜዳ 20 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነው። ሲወርድ ከዚህ ላይ ከግማሽ በላዩን መልሶ ያገኛል። አዳማ ስትደርሱ ባትሪው 60 በመቶ ቀርቶት ካያችሁ፣ መመለሻው 40 በመቶ ብቻ ይበላል ብላችሁ አትገምቱ። ከዚያ በላይ ነው።

ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው መኪና ብገዛ ከቻርጅ አልገላገልም?

ይህንን እስክሪብቶ አንስተን እናስላው። አንድ ካሬ ሜትር ጥሩ የሶላር ፓነል በቀትር ፀሐይ 220 ዋት ያህል ይሰጣል። የትንሽ መኪና ጣሪያ 2 ካሬ ሜትር ቢሆን 440 ዋት ነው። በቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት። አቧራውን፣ የዛፍ ጥላውንና ፓነሉ ሲግል የሚያጣውን ስትቀንሱ 1.5 ቢቀር ነው። መኪናው ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ የቀኑ ምርት 10 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ለዚያውም መኪናውን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ካቆማችሁት።

የሆላንዱ ላይትይር ኩባንያ ከማንም በላይ ገፍቶበት ነበር። 5 ካሬ ሜትር ፓነል ለበሰ፣ በቀን እስከ 70 ኪሎ ሜትር ከፀሐይ ብቻ ይሄዳል አለ። ዋጋው 250,000 ዩሮ ሆነ። ምርት በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጃንዋሪ 2023 አቆመ።

ያንኑ ፓነል የቤታችሁ ቆርቆሮ ላይ ብትሰቅሉት ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፣ ከሥሩ ነፋስ ያገኛል፣ ቦታም አያጥርም። ሶላር የሚያዋጣ ቴክኖሎጂ ነው፤ ቦታው ጣሪያና ሜዳ ነው። ፈረንሳይም ይህንን በገንዘቧ ተምራለች። በ2016 ኖርማንዲ ውስጥ ቱሩቭር በተባለች ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት በሶላር ፓነል አልብሳ 5 ሚሊዮን ዩሮ አወጣችበት። በ2019 ፓነሎቹ ተሰነጣጥቀው፣ ከታሰበው ግማሽ ያህል እንኳ ሳያመነጩ ቀሩ።

ሃይድሮጂን መኪናስ? ለምን አንጠብቀውም?

ለቤት መኪና ብላችሁ አትጠብቁ። ምክንያቱ ቀላል ሂሳብ ነው። ከግድብ የመጣ 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ አለ እንበል። ባትሪ ውስጥ ካስገባነው መስመሩና ቻርጀሩ የሚያጠፉትን አጥፍተው 75 ያህሉ ጎማ ላይ ይደርሳል። ውሃ ሰንጥቀን ሃይድሮጂን ካወጣንበት ወደ 70 ይወርዳል። በ700 ባር ግፊት አምቀን ስናጓጉዝ ሌላ ይቀንሳል። መኪናው ውስጥ መልሰን ኤሌክትሪክ ስናደርገው ደግሞ ግማሽ ያህሉ ይሄዳል። የሚደርሰን 30 ገደማ ነው። በእኩል መብራት የባትሪው መኪና የሃይድሮጂኑን ከእጥፍ በላይ ይሄዳል ማለት ነው።

ቶዮታ ሚራይ የተባለውን የሃይድሮጂን መኪናውን ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ2014 መጨረሻ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላም ዋናው ችግር መሙያ ጣቢያ ነው። በ2024 ሼል ካሊፎርኒያ ውስጥ ለቤት መኪና የነበሩትን የሃይድሮጂን ጣቢያዎቹን ዘጋ።

ሃይድሮጂን ግን ከንቱ አይደለም። ዋጋው የሚታየው ለማዳበሪያና ለብረት ነው። ማዳበሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ሃይድሮጂን ይፈልጋል። ኖርዌይ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሪዩካን ላይ በፏፏቴ ኃይል ውሃ እየሰነጠቀች ማዳበሪያ አምርታለች። ገበሬው በየዓመቱ ማዳበሪያ በሰዓቱ ካልደረሰልኝ እያለ ለሚጨነቅበት፣ ወንዝም ለሞላው አገር ይህ ከሃይድሮጂን መኪና ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። እውነቱን ለመናገር ስለዚህ ጉዳይ የሚወራው ወሬ ማነሱ ያሳዝነኛል።

ሶሊድ ስቴት ባትሪ ሊወጣ ነው ይባላል። እስከዚያ ልቆይ?

ሶሊድ ስቴት የሚባለው በውስጡ በፈሳሽ ፋንታ ጠጣር ነገር ያለው ባትሪ ነው። መኪና የምትፈልጉት አሁን ከሆነ አትቆዩ። ቶዮታ ለ2020ዎቹ መጀመሪያ ብሎ ነበር፤ አሁን የሚለው 2027 ወይም 2028 ነው። ሲወጣም መጀመሪያ የሚገባው ውድ መኪና ውስጥ ነው።

እኔ ይልቅ በተስፋ የምከታተለው የሶዲየም ባትሪን ነው። ሶዲየም ከጨው የሚገኝ ስለሆነ የትም አይጠፋም። የቻይናው ሲኤቲኤል በ2021 የመጀመሪያውን አስተዋወቀ። በ2025 ደግሞ በኪሎ 175 ዋት ሰዓት የሚይዝ ሌላ ትውልድ ይዞ መጣ። ብዙ ርቀት ለሚፈልግ ሰው አይደለም። ለባጃጅ፣ ለትንሽ የከተማ መኪናና ለቤት መጠባበቂያ ግን ይሆናል።

ቻርጅ ከመጠበቅ ባትሪውን ቀይሮ መሄድ አይሻልም?

እስራኤል ያላችሁ ቤተር ፕሌስን ታስታውሱ ይሆናል። ሻይ አጋሲ በ2007 የመሠረተው ኩባንያ ነው። መኪናው ወደ ጣቢያ ይገባል፤ ሮቦት ከሥሩ ያለቀውን ባትሪ አውጥቶ የተሞላ ያስገባል። ቴክኖሎጂው ሠርቷል። ወደ 850 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብም ተሰበሰበለት። በሜይ 2013 ግን ከሰረ። ባትሪውን የሚቀበለው አንድ ዓይነት መኪና ብቻ ነበር፣ እሱም የሬኖ ፍሉዌንስ። የገዛው ሰው ጥቂት ነበር። ጣቢያው ግን ሰው መጣም አልመጣም ወጪ አለው።

ቻይና ውስጥ ኒዮ ያንኑ ሐሳብ ይዞ ከ3,000 በላይ ጣቢያ አቁሟል። ገበያው ትልቅ ነው፣ መኪኖቹም የራሱ ናቸው። ወደ እኛ ስትመጡ ደግሞ ነገሩ የሚያዋጣው በሞተርሳይክል ነው። ባትሪው በእጅ ይነሳል፤ ሮቦት አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ልጅ ሁለት ሰዓት ቆሞ ቻርጅ መጠበቅ አይችልም። ሩዋንዳና ኬንያ ውስጥ አምፐርሳንድ በዚህ መንገድ እየሠራ ነው፤ አዲስ አበባም ዶዳይ አለ። አንዱ ቴክኖሎጂ ለአንዱ ተሽከርካሪ ከስሮ ለሌላው ያተርፋል።

መብራት እየጠፋ የኤሌክትሪክ መኪና እንዴት ይሆናል? ለሁሉም ይበቃል?

ይህ የሁሉም ሰው ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የሚመነጨው ኃይል አንድ ነገር ነው፤ ሠፈራችሁ የሚደርሰው ሌላ።

ከማመንጫው እንጀምር። 100,000 መኪኖች በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዱ፣ እያንዳንዳቸው 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ። ድምሩ 600,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለ24 ሰዓት ስናካፍለው 25 ሜጋ ዋት ይሆናል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የህዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ስለዚህ መኪኖቹ አገሩን በጨለማ አይውጡትም።

ችግሩ ሰዓቱና ትራንስፎርመሩ ነው። እነዚያው 100,000 መኪኖች ሁሉም ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ቢሰኩ፣ በአንድ ጊዜ 700 ሜጋ ዋት ይጠይቃሉ። በዚያ ሰዓት ደግሞ ምጣዱም ምድጃውም በርቷል። መንደራችሁ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር የተተከለው አምፑልና ቴሌቪዥን ታስቦ ሊሆን ይችላል። በአንድ ግቢ ሦስትና አራት መኪና ሲሰካ የሚጮኸው እሱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መኪናችሁን ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር አስተካክሉት። አብዛኞቹ መኪኖች ይህን ይችላሉ። ዋጋው በሰዓት ቢለያይ ደግሞ ሰው ሁሉ ሳይለመን ያደርገው ነበር።

ሌላም ስጋት አለ። ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። በ2019 የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ሲያንስ በፈረቃ ተዳርሶልናል። እንደ አሸጎዳ ያሉ የነፋስ ጣቢያዎችና የእንፋሎት ኃይል የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ነፋሱ የሚበረታው ዝናብ በሌለበት በበጋ ስለሆነ ከግድቡ ጋር ይደጋገፋሉ።

መብራት ሲጠፋ መኪናው ቤቴን ማብራት ይችላል?

ብዙዎቹ አዳዲስ የቻይና መኪኖች ከባትሪያቸው ወደ ውጭ ኃይል የሚሰጥ መውጫ አላቸው። አቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3.3 ኪሎ ዋት ነው። ፍሪጅ፣ አምፑል፣ ዋይፋይና ቴሌቪዥን ለቀናት ይሸከማል። ምጣድ አይሸከምም። ከቤቱ መስመር ጋር ግን በራሳችሁ እንዳታገናኙት። መብራት ሲመለስ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ መስመር ላይ ያለ ሠራተኛም ሊገድል ይችላል።

ባትሪው ስንት ዓመት ይኖራል?

ሰዎች እንደሚፈሩት አይደለም። በብዙ ሺህ መኪኖች ላይ የተሰበሰበው መረጃ የሚያሳየው በዓመት በአማካይ 2 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ 80 በመቶ ያህሉ ይቀራል። የባትሪ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። የመጀመሪያዎቹ ኒሳን ሊፎች በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ባትሪ ስላልነበራቸው አሪዞና በረሃ ውስጥ ቶሎ ደከሙ። አዲስ አበባ ግን ሐሩርም ብርቱ ብርድም የላትም፤ ለባትሪ የተመቸች ከተማ ናት። ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ያላችሁ፣ እንዲሁም ዱባይና ሪያድ ያላችሁ፣ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ።

ከሊቲየም ባትሪዎች ውስጥ በብረትና በፎስፌት የሚሠራው፣ ገበያው ኤልኤፍፒ የሚለው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፤ እሳትም በቀላሉ አይዘውም። ምርጫ ካላችሁ እሱን ውሰዱ።

እሳት ይነሳበታል ይባላል?

ከቤንዚን መኪና ባነሰ ቁጥር። ሲነሳ ግን ለማጥፋት ብዙ ውሃና ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ ጠፋ ከተባለ በኋላም ሊያገረሽ ይችላል። ከምድር በታች ፓርኪንግ ላላቸው ሕንፃዎች ይህ በቁም ነገር መታሰብ አለበት።

ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት እዚህ ላይ ነው። የተረጋገጠ ቴክኖሎጂ ሆኖ መለዋወጫ ካጣ፣ ካልተረጋገጠው አይሻልም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ምስክር ነው። በ2015 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ባቡር አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ይሠራል ወይ የሚል ጥያቄ የለበትም። ግን መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉ ከግማሽ በላዩ ቆመ።

ስለዚህ ከመኪናው ውበት በፊት ይህን አጣሩ። እዚህ አገር ወኪል አለው? የፊት መብራትና መስታወት ሲሰበር ስንት ቀን ይጠበቃል? ጋራዡ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ አለው? ፋብሪካው ለባትሪ የሰጠው የ8 ዓመት ዋስትና ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል ወይስ ቻይና ድንበር ላይ ቀርቷል? በነጋዴ በኩል በጎን የገባ መኪና ብዙ ጊዜ ዋስትናው አብሮት አይመጣም። መንገድ ላይ በብዛት የምታዩትን ሞዴል መምረጥ ሞኝነት አይደለም። ብዙ ያለው መኪና ብዙ ባለሙያና ብዙ መለዋወጫ ይስባል።

ለእኔ ያዋጣኛል?

በምትነዱት ልክ ነው። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ ከተማ ውስጥ የቤንዚን መኪና 90 ሊትር ያህል ይጠጣል። የኤሌክትሪኩ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ 170 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የዛሬውን የቤንዚን ዋጋና የመብራት ቢላችሁን አውጥታችሁ አባዙት። መኪናው ከሌላው የተወደደበትን ብር ደግሞ በወር በሚተርፋችሁ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ስንት ወር እንደሚፈጅ ይነግራችኋል።

በቀን 150 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ የሜትር ታክሲ ሾፌር ይህ በጣም ያዋጣል። እሑድ እሑድ ብቻ መኪናውን ለሚያስነሳ ሰው ብዙም አይደለም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ቋሚ ቻርጅ ቦታ ለሌለውም አስቸጋሪ ነው። ሁልጊዜ ከሕዝብ ጣቢያ መሙላት በብርም በጊዜም ይወደዳል። መጀመሪያ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግራችሁ የራሱ ቆጣሪ ያለው መስመር ወደ ፓርኪንጉ ማውረድ ይቻል እንደሆነ አረጋግጡ። በየሳምንቱ ጎንደር ወይም ጅማ የሚመላለስ ሰው ደግሞ መንገዱ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች ራሱ ሄዶ ሳያይ አይግዛ። ካርታ ላይ ያለ ሁሉ አይሠራም።

ዘመዴ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የኤሌክትሪክ መኪና ልላክልህ አለኝ። ምን ልበለው?

"እግዜር ይስጥልኝ፣ መሰኪያውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ" በሉት። የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የቻይና መኪኖች የፈጣን ቻርጅ መሰኪያቸው የተለያየ ነው። ቤት ውስጥ በ220 ቮልት መሙላት ለአሜሪካው መኪናም አያስቸግርም። ችግሩ መንገድ ላይ ነው። እዚህ በብዛት ያሉት የቻይና መኪኖች ስለሆኑ የሕዝብ ቻርጀሮችም ብዙ ጊዜ ለእነሱ የሚሆን መሰኪያ አላቸው። ለፈጣን ቻርጅ የሚሆን አዳፕተር ውድ ነው፤ ርካሹ ደግሞ አደገኛ ነው። በተጨማሪ ቀረጡንና ሕጉን ከመጫኑ በፊት ጠይቁ። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ አይረባም።

ኩባንያው ብዙ ገንዘብ ሰብስቧል፣ ትልልቅ ሰዎችም ገብተውበታል። ይታመናል?

በዚህ ብቻ አይታመንም። የአሜሪካው ኒኮላ የሃይድሮጂን ከባድ መኪናው ሲነዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቆ ነበር። በ2020 እንደታወቀው መኪናው ሞተር አልነዳውም፤ ዳገት ላይ ወጥቶ ቁልቁል ተለቆ ነው። መሥራቹ ትሬቨር ሚልተን በ2022 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለ። በ2025 በፕሬዚዳንቱ ምሕረት ተደረገለት፤ ኩባንያው ግን በዚያው ዓመት ከሰረ። በውስጡ ትልልቅ ባለሀብቶች ነበሩ። ስለዚህ ቪዲዮውን ትታችሁ፣ ገዝቶ ዓመት የነዳ ሰው ፈልጉ።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ስገዛ ምኑን ልይ?

የባትሪውን ጤና። ኪሎ ሜትሩ ሊስተካከል ይችላል። ባትሪውን የሚያነብ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለአንድ ቀን የምትከፍሉት ትንሽ ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳምነው ግን መንዳት ነው። ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አስደርጋችሁ የምታውቁትን ረጅም መንገድ ንዱትና ስንት በመቶ እንደበላ ጻፉ። ፈጣን ቻርጀር ላይም ሰክታችሁ እዩት፤ በተራ ሶኬት ሞልቶ በፈጣኑ እምቢ የሚል መኪና አለ።

በመጨረሻ መኪናው ይነሳና ከሥር ይታይ። ባትሪው ያለው ወለሉ ላይ ነው፤ የእኛ መንገድና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ደግሞ የሚመታው እሱን ነው። የባትሪው ሳጥን ተጫጭሮ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ወይም ተበይዶ ከሆነ ግን ተከፍቶ በባለሙያ ሳይታይ ቀብድ እንዳትከፍሉ።